ከስቱኮው ሥር

መስከረም 12

ለወንድሜ ለሽቦው፤

እንደምን ከርመሃል? እማዬስ እንደምን ናት? እኔ እስከ ዛሬ ላኖረኝ አምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ከእግሬ ማበጥ በቀር ደህና ነኝ። የማስታምማቸው አሮጊቶችም ደህና ናቸው። አንዷ ብቻ "ቀለበቴን ሰረቅሽኝ" እያለች ሰላም ትነሳኛለች። ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሁለት ጊዜ ባለሱቁ ጋ ደወልኩ። ድሮ እማዬ ስልክ ሲባል ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ነበር የምትመጣው። በመጀመሪያው ቀን "ወጥተዋል" አለኝ። በሁለተኛው "ተኝተዋል" አለኝ፤ ያውም በቀትር። እናቴ በቀትር የምትተኛ ሴት ናት? ጠበቅ አድርጌ ስጠይቀው ሳል ያዘው። ሳሉ የእውነት አልመስልህ አለኝ።

ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ጽፋልኛለች። "ወንድምሽ ግቢ ሞተር ሳይክል በአንድ ቀለም ይገባል፣ በሌላ ቀለም ይወጣል" ትላለች። ጋራዡ ከተዘጋ ወዲህ ቤት ውስጥ ቀለም መቀባት መጀመርህን ነግረኸኛል። የምትቀባው በእኔ መኝታ ቤት መሆኑን ግን ከሰው አፍ ነው የሰማሁት። አልጋዬስ የት ገባ? ደግሞስ ሰው የገዛ ሞተሩን ቀለም ለምን በጓዳ ያስቀይራል? የሌባ ዕቃ የሚቀባ ሰው ከሌባው ቀድሞ ነው የሚታሰረው። አባታችን በላቡ የሠራው ቤት ውስጥ ፖሊስ ሲገባ ማየት አልፈልግም።

ሳትሸፋፍን ጻፍልኝ። እሁድ እደውላለሁ፤ እማዬን ባለሱቁ ጋ አምጣልኝ።

ዕድሜ ይስጥህ፤ ከነልቡ።
እህትህ


ጥቅምት 8

ለእታለም፤

ሰላምሽ እንደ ቁጣሽ ይብዛ። የእግርሽን እብጠት ያስታግስልሽ። እኛ ደህና ነን። እሁድ ዕለት ዝናብ ነበረና እማዬን ማውጣት አልቻልኩም፤ ይቅርታሽን።

ልብስ ሰፊዋን ተያት። እሷ ዘንድም ሱሪ በአንድ ቁመት ይገባል፣ በሌላ ቁመት ይወጣል፤ ማን ሌባ አላት? ሞተር የሚያመጣልኝ ሁሉ መጀመሪያ ሊብሬውን ያሳየኛል። ሊብሬ የሌለውን ከበር ነው የምመልሰው። ባለፈው አንዱን መልሼ ድንጋይ ወርውሮብኝ ሄዷል።

አልጋሽን አልሸጥኩትም። ሸራ አልብሼ ግድግዳ አስደግፌዋለሁ። ክፍልሽን የመረጥኩት ነፋስ ስለማይገባበት ነው። የዚህ ሥራ ጠላት አቧራ ነው። መስኮቱን በላስቲክ ሸፍኜ፣ ወለሉን ውሃ ረጭቼ፣ ከሞተሩ የፈታሁትን ሁሉ ከጣሪያው በሽቦ አንጠለጥለዋለሁ። የቤንዚን ታንከሩ፣ የጎን መሸፈኛው፣ ከጎማ በላይ ያለው ፓራፋንጎ ተደርድረው ሲታዩ ሥጋ ቤት የገባሽ ይመስልሻል። አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እፍቃለሁ፣ ስንጥቁን በስቱኮ እሞላለሁ፣ ደግሞ እፍቃለሁ፤ መርጨት የመጨረሻው ነው። እሱንም ስስ ስስ አድርጌ ነው። ከቸኮልሽበት እንደ ዕንባ ይወርዳል፤ ያንን ደግሞ እንደገና ፍቂ ነው። የቲነሩ ሽታ ወደ እማዬ እንዳይሄድ በሩን ዘግቼ በጓሮ ነው የምወጣ የምገባው።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ብርድ ቢጤ ይዟታል። ስልክም እንደ ድሮው አይሰማት፤ ለዚያ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የቀለም መርጫ ላኪልኝ ብዬሽ ነበር፤ ተዪው። በምትኩ ምርኩዝ ጫፍ ላይ የሚገባ ጎማ ላኪልኝ፤ ጥንድ ይሁን። እዚህ ያለው ያንሸራትታል። ለአንድ ደንበኛዬ እናት ነው።

አክባሪ ወንድምሽ


ጥቅምት 29

ወንድሜ ሆይ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ለእማዬም፣ ካለች።

"ካለች" ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። ሥራዬ ምን እንደሆነ ረሳኸው መሰለኝ። የምርኩዝ ጎማ ስቀይር ነው የምውለው። ጉልበቱን ብርድ የያዘው ሰው አንድ ምርኩዝ ይበቃዋል። ሁለት የሚይዘው ወይ ጭኑ ወይ ዳሌው የተሰበረ ሰው ነው። አንተ ደግሞ ያንን መርጫ ስትወተውተኝ ከርመህ ለደንበኛ እናት ብለህ የምትተው ሰው አይደለህም። ለገዛ እናትህ ካልሆነ አትተወውም።

ጎማዎቹን ልኬያለሁ። አንተ ግን ከሚቀጥለው ደብዳቤ ግርጌ እማዬ በእጇ እንድትጽፍልኝ አድርግ። ትምህርት ቤት ስትቀር የእሷን እጅ ጽሑፍ አስመስለህ ፈቃድ ትጽፍ እንደነበር አልዘነጋሁም፤ አይሞከር። "ደህና ነኝ" የምትል ቃል ብቻዋን አትበቃኝም። ያንተ ደብዳቤ ስለ ቀለም ሁለት ገጽ፣ ስለ እናቴ ሁለት መስመር ነው። የተሸፈነ ነገር ይሸታል ወንድሜ፤ ከቲነርህም ይብሳል።

መልስህን እጠብቃለሁ።
እህትህ


ኅዳር 20

እታለም፤

እንደምን አለሽ? ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። እማዬ አለች፤ አስቀድሜ እሱን ልበልሽ።

ሐምሌ ውስጥ ነው። ከገበያ ስትመለስ፣ ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት መንገድ ስታቋርጥ ሞተር ገጫት። ዳሌዋ ተሰብሮ ብረት ገባላት። ገጪው አምልጧል። ያነሳት የዳቦ ቤቱ ሰው ነው፤ በሞተር ለየሱቁ ዳቦ የሚያድል፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። መንገድ ዳር ወድቃ አግኝቷት ታክሲ አስቁሞ ሐኪም ቤት አደረሳት። እኔ ስደርስ ሸሚዙ በደም እንደተበላሸ በራፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ትኩስ ዳቦ ይዞላት ይመጣል፣ ከአጠገቧ ትንሽ ቁጭ ይላል፣ ይሄዳል። ውለታውን በምን እመልሳለሁ ስል ሰሞኑን ራሱ ሞተሩን አምጥቶ "ቀለሙን ቀይርልኝ" አለኝ። የእጅ ሳልቀበል ልሠራለት ቃል ገብቻለሁ።

ያልነገርኩሽ እማዬ አስምላኝ ነው። "ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች" አለች። ባለሱቁንም ያሳለችው እሷ ናት።

እጇ ይኸው፦

"ልጄ፣ እኔ ነኝ። አለሁ። ጎማዎቹ ልክ ሆነዋል። ወንድምሽን አትቆጪው፤ ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። ያቺን ቀለበቴ ተሰረቀ የምትልሽን ሴትዮ ታገሻት። እርጅና ነው።"

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 11

ለወንድሜ፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የእማዬን ጽሑፍ አየሁ። "ቀ"ን እንደ ድሮው አንገቷን ሰብራ ነው የጻፈቻት፤ ያንተ ቀጥ ያለች ናት። አመንኩ። አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ከዚያ ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ላይ ብተወው ይሻለኝ ነበር።

ገጪው አመለጠ አልክ። ማን አየው? ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ሰው ጠፍቶ ያውቃል? "አመለጠ" ብሎ የነገረህስ ማን ነው? ሰውየው ራሱ ከሆነ እስቲ አስብበት። መንገድ ላይ ያገኛትን፣ የማያውቃትን ሴት ይህን ያህል ወራት ሳያጓድል የሚጠይቅ ሰው አለ? ሊኖር ይችላል። እኔ ግን የምውለው የወለዷቸው ልጆች በዓመት አንዴ ብቅ ከማይሉባቸው ሴቶች ጋር ነውና ማመን ይከብደኛል።

ደግሞስ ቀለሙን ዛሬ ለምን አስፈለገው መቀየር? ሞተሩ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ይህን ስጽፍ ራሴንም እታዘባለሁ። ደግ ሰው ከሆነ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አንተ ግን ቀለም ከመርጨትህ በፊት ደህና አድርገህ እየው።

እማዬን ሳምልኝ። ይህን ደብዳቤ አታንብብላት።
እህትህ


ጥር 24

እታለም፤

ጤና ይስጥልኝ። ዘገየሁ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት በጣም ተናድጄብሽ ነበር። ሩቅ አገር ሰውን ክፉ አሳቢ ያደርጋል አልኩ በሆዴ። ሞተሩ ቀይ ነው። ቀይ ሞተር ሞልቷል አልኩ። ግን በማግስቱ ሥራ ስጀምር ዓይኔ እንደ ድሮው አላይ አለ፤ ነገር መፈለግ ጀመረ።

የፊቱ ፓራፋንጎ ላይ ቀዩ ቀለም አንድ ቦታ ከሌላው ይደምቃል። መታ መታ ሳደርገው ድምፁ እዚያ ላይ ይታፈናል። በብርጭቆ ወረቀት ስፍቀው ግራጫ ስቱኮ ወጣ። የለጠፈው ሰው ሙያ የለውም፤ እንደ ጭቃ ነው የመረገው። እሱን ፍቄ ስጨርስ ስንጥቁ ታየ። ብሎኑን ስፈታ ከሥሩ የተጠመጠመ ክር አገኘሁ፤ አረንጓዴ የሱፍ ክር። እማዬ ያን ቀን ለብሳ የነበረው አንቺ የላክሽላትን አረንጓዴ ሹራብ ነው። እጅጌው ተተልትሎ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። አውጥቼ ክሩን ከጎኑ አደረግኩት። ያው ነው።

ምን አደረግክ ትዪኛለሽ። ምንም። ፓራፋንጎውን በሸራ ጠቅልዬ ከአልጋሽ ኋላ ደበቅኩት። ሰውየው ሲመጣ ቀለሙ አልደረቀም አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንትም አልደረቀም አልኩት።

"በዚህ ፀሐይ?" አለኝ።

"ፀሐይ አይወድም" አልኩት።

ዓይኔን አየኝና ወጣ። የገባው ይመስለኛል። አሁን ዳቦውን በእጅ ጋሪ እየገፋ ነው የሚያድለው። እንዲያም ሆኖ አይቀርም፤ መጥቶ ከእማዬ ጋር ይቀመጣል። እኔ በሩ ላይ የሌለ ሥራ ፈጥሬ እጠብቃቸዋለሁ። ቀስ ብለው ያወራሉ፤ ስቀርብ ዝም ይላሉ። ይህ ዝምታቸው ከክሩ ይልቅ አስፈራኝ። ዳቦውን መብላት ትቻለሁ። እማዬ "ጥርስህን አመመህ እንዴ?" አለችኝ፤ "አዎ" አልኳት።

ምን ላድርግ? እናቴን ገጭቶ እናቴን ያስታመመ ሰው ምን ይደረጋል? እንደ ታላቅነትሽ ምከሪኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 17

ወንድሜ፤

ሰላም ሁን። ምክሬ አጭር ነው። ፓራፋንጎውንም ክሩንም ይዘህ ትራፊክ ፖሊስ ሂድ። ሰውየውን በእጅህ እንዳትነካው፤ በአባታችን አጥንት ይዤሃለሁ። ለእማዬም አትንገራት፤ በየሳምንቱ አጠገቧ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ብታውቅ ልቧ ይቆማል። እስክትሄድ ድረስ ግን ብቻቸውን እንዳትተዋቸው።

ዳቦውን አለመብላትህን ወድጄልሃለሁ።
እህትህ


መጋቢት 12

እታለም፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ይህ ረጅም ነው፤ ታገሺኝ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ፓራፋንጎውን ከነሸራው ታቅፌ ወጣሁ። እማዬ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፤ ምርኩዞቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው።

"ምንድን ነው የታቀፍከው?" አለችኝ።

"ዕቃ ነው።"

"ዕቃ መሆኑንማ አያለሁ። የማን?"

አትንገራት ብለሽኝ ነበር። ልዋሻት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሸራውን ገልጬ ስንጥቁን አሳየኋት፤ ክሩንም መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ራሷን ትስታለች ብዬ ልደግፋት ተጠጋሁ። እሷ ክሩን በሁለት ጣቷ ይዛ አየችውና፣

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"የገጨኝ እሱ መሆኑን ነዋ። ፊቱን እያየሁ እኮ ነው የወደቅኩት።"

መሬት ቁጭ አልኩ። ከዚያ ሁሉን ነገረችኝ። ያን ቀን ዝናቡ ሰዉን ሁሉ ቤት አስገብቶት ነበር። እሷ ላስቲክ ከራሷ ላይ ደፍታ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ መንገድ ገባች። እሱ ፍሬን ሲይዝ ጎማው ተንሸራተተበት። ቢሄድ የሚያየው አልነበረም። ሞተሩን እንደወደቀ ትቶ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ታክሲው ሳይመጣ "ወድቃ አገኘኋት በል" ያለችው እሷ ናት።

"ለምን?" አልኳት።

"አንተን ስለማውቅህ። ያኔ ብትሰማ እኔ ሐኪም ቤት አንተ እስር ቤት ነበርን። በኋላ 'ልንገረው' እያለ ሲለምነኝ ከርሟል፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ያቆየሁት እኔ ነኝ።"

የሚያንሾካሽኩት ያንን ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስንቱን ሳሰላስል፣ እነሱ ማን ይንገረው እየተባባሉ ነበር።

ስለ ቀለሙ ጠየቅኳት። "እሱንም እኔ ነኝ ቀይረው ያልኩት" አለች። "ሰውየውን ማየት አይከብደኝም። ያ ቀይ ሞተር በበሩ ሲገባ ግን ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። ልጁ በእግሩ ልምጣ ቢለኝ ለሥራው አዘንኩ።"

ይህን እያወራን ጋሪውን እየገፋ መጣ። ፓራፋንጎውን እማዬ ጭን ላይ ሲያይ ዳቦውን ቀስ ብሎ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። ሰላም አላለም። እኔም ሰላም የምል አልነበርኩም።

"ስቱኮውን ለምን ለጠፍክ?" አልኩት።

"አንተ እንዳታይ" አለ። "ቀለሙን እሳቸው ናቸው ያሉኝ። ስቱኮው ግን የራሴ ነው። ፈርቼ ነው።"

እውነቱን ልንገርሽ፤ እጄ ተነስቶ ነበር። እማዬ ምርኩዟን በመካከላችን ዘረጋችና "ተቀመጡ ሁለታችሁም" አለች። እሱ አልተቀመጠም። "ወዴት ልትሄድ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። ትራፊክ ፖሊስ አልኩት። "አብረን እንሂድ" አለ። እማዬ ያለኔ አትሄዱም ብላ ሦስታችንም በታክሲ ሄድን፤ እሷ በመካከላችን።

ፖሊሱ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ ብሎ ሦስታችንንም ተቆጣን። እሱ ገጭቼ ዋሽቻለሁ ብሎ ቃሉን ሰጠ። እማዬም ሳላይ ነው የገባሁት ብላ አስመዘገበች። መንጃ ፈቃዱን ይዘውበታል፤ የቀረውን ፍርድ ቤት ያየዋል።

እኔ እንግዲህ በማን እንደምቆጣ ጠፍቶኛል። አንቺ የጠረጠርሽው ልክ ነበር። ግን እንዳሰብነው አልሆነም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 5

ለወንድሜና ለእናቴ፤

እንኳን አብራችሁ ቁጭ አላችሁ። ይህን ደብዳቤ ለሁለታችሁም ነው የጻፍኩት፤ ጮክ ብለህ አንብበው።

እማዬ፣ አንቺ ይቅር ማለት ትችያለሽ፤ የተሰበረው ያንቺ አጥንት ነው። እኔን ግን ከሰውየው ጋር ሦስታችሁም ዋሽታችሁኛል፣ ባለሱቁን ጨምሮ አራት። ሰው ሁሉ ሊያታልለኝ የተነሳ እየመሰለኝ ስንት ወር ኖርኩ። አብረውኝ የሚሠሩትን ሳይቀር ስጠረጥር ከረምኩ። "ሥራዋን ጥላ ትመጣለች" ብለሽ ፈራሽ። እናቴ ተሰብራ ሥራዬን ጥዬ ብመጣ ምን ነበረበት?

ስለ ሰውየው ገና አልቆረጠልኝም። አንድ ቀን፣ ሳይሸሽ ቆሟል ብዬ አመሰግነዋለሁ፤ በማግስቱ ስቱኮው ትዝ ይለኝና ደሜ ይፈላል። በክረምቱ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ እመጣለሁ። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ከራሱ አፍ ልስማው። እስከዚያ ይቅርታም ስድብም ከእኔ የለውም።

ሽቦዬ፣ አንድ ነገር ሳትነግረኝ ቀርተሃል። ሞተሩን ምን አደረግከው?

እህትህ፣ ልጅሽ


ሚያዝያ 28

እታለም፤

ሰላምሽን ያብዛው። ትመጫለሽ የሚለውን ሳነብላት እማዬ ምርኩዟን ትታ ልትነሳ ነበር። አልጋሽን ቦታው መልሼዋለሁ። ሥራዬን ወደ ጓሮ አወጣሁት፤ ጠርብ ገዝቼ በላስቲክ ጋርጄዋለሁ። አቧራውን አልቻልኩትም፤ ግድ የለም፣ እለምደዋለሁ።

ሞተሩን ሠራሁለት። ስንጥቁን እንደ ደንቡ ሞላሁት፣ ፋቅኩት፣ ሁሉንም መደብ ቀለም አለበስኩት። የቀረው የመጨረሻው ነበርና ሰማያዊና ግራጫ ይዤ ወደ እማዬ ሄድኩ። "የቱን ልቀባለት?" አልኳት። ሁለቱንም አየችና "ቀዩን" አለች።

ትንቀጠቀጪ የለም ወይ አልኳት።

"እንቀጠቀጥ ይሆናል" አለች። "ግን ሰዉ ሁሉ በቀዩ ነው የሚያውቀው። አሁን በሌላ ቀለም ቢወጣ የሸሸ ይመስላል። ልጁ አልሸሸም።"

ቀዩን ስስ ስስ አድርጌ ረጨሁት፤ አንድም ቦታ አልወረደም። ሊወስደው የመጣ ዕለት ቀለሙን ሲያይ ወደ እማዬ ዞሮ አንገቱን ደፋ። መንጃ ፈቃዱ ስለተያዘ አልነዳውም። እኔ ከኋላ እያገዝኩት እየገፋ በዋናው መንገድ ወሰደው፤ ሰው ሁሉ ደጅ በወጣበት ሰዓት።

ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ነበረች። የምታውቂው አጠያየቋ ነው፤ "አዲስ ነው? ከየት መጣ?" አለችው።

ቆመ። "አዲስ አይደለም" አላት። "የእሱን እናት የገጨሁበት ነው።"

ሰላም ያምጣሽ።
ወንድምሽ